ሲሞቅ ቀስቅሰኝ

ወንድሜን በስሙ የሚጠራው ሰው የለም። ሠፈሩም ደንበኛውም «ጆሮ» ነው የሚለው። ሌላው መካኒክ የታመመ መኪና ሲመጣለት ኮፈኑን ከፍቶ ይጎረጉራል፣ ይፈታል፣ ያልተበላሸውን ያበላሻል። የኔ ወንድም ግን ክንድ የሚያህል ካቻቪቴ ያነሳና ጫፉን የሚሠራው ሞተር ላይ፣ እጀታውን ጆሮው ላይ አድርጎ ዓይኑን ይጨፍናል። ያኔ ጋራዡ ውስጥ መዶሻ የያዘ መዶሻውን ያስቀምጣል፣ የሚሳደብም ስድቡን ይውጣል። ትንሽ ቆይቶ «ሦስተኛው ቫልቭ» ይላል። ሲፈታ ሦስተኛው ቫልቭ ሆኖ ይገኛል። እኔ ታላቅ እህቱ ነኝ። በዕድሜ በአራት ዓመት እበልጠዋለሁ፤ በአፍ ግን እሱም ሆነ ሌላ ሰው አይደርስብኝም።

ሠላሳ አምስት ዓመት ሙሉ ከቶዮታ በቀር ነክቶ አያውቅም። ሌላ መኪና ይዞ የመጣውን «ወንድሜ፣ በር ተሳስተሃል» ብሎ ይሸኘዋል። «ኧረ ተው፣ አንተ ሰው! ደንበኛ አይባረርም» ስለው ይስቅብኛል። ከዚያ ደግሞ ወሬውን ይጀምራል።

«እትዬ፣ ይሄ ኩባንያ በምን እንደጀመረ ታውቂያለሽ?»

«ነግረኸኛል።»

«በሽመና!»

መቶ ጊዜ ነግሮኛል፣ መቶ አንደኛውን ይቀጥላል። ነገሩን የጀመረው ሰውዬ የአናጢ ልጅ ነበር። እናቱ ሽመና ላይ ስትደክም እያየ አደገና፣ ክር በተበጠሰ ቁጥር በራሱ የሚቆም የሽመና መሣሪያ ሠራ። ልጁ ደግሞ ከሽመናው ተነስቶ ወደ መኪና ገባ። የኩባንያው ስም የቤተሰቡ ስም ነው፣ አንዲት ድምፅ ብቻ ተለውጣ። በነሱ ፊደል ሲጻፍ ስምንት ጭረት ስለሚሆን ነው አሉ፤ ስምንት ደግሞ እነሱ ዘንድ ገደኛ ቁጥር ነው። መጀመሪያ አሜሪካ የላኳቸው መኪኖች ሰፊው መንገድ ላይ አቅም አንሷቸው ሲያለከልኩ የሰው መሳቂያ ሆነው ነበር።

«አፍረው ተመለሱ፣ እትዬ። ግን አኩርፈው አልተቀመጡም። ፈትተው፣ አይተው፣ አርመው እንደገና መጡ። ዛሬ በረሃ ብትሄጂ፣ ጭቃ ብትሄጂ፣ ሌላው ቀጥ ያለበት ቦታ ላይ ማንን ታገኛለሽ?»

«አንተን፣ ስታወራ» እለዋለሁ።

ከሁሉ የሚወደው የገመዱን ወሬ ነበር። ፋብሪካው ውስጥ ከሠራተኞቹ ራስ በላይ ገመድ ተዘርግቷል አሉ። የመጨረሻው ተራ ሠራተኛ እንኳን አንድ ያላማረው ነገር ካየ ገመዱን ይስባል። ሥራው ይቆማል፣ አለቆቹ እየሮጡ ይመጣሉ፣ የሚቆጣው የለም። «ጥፋተኛው ስህተቱን አይቶ ዝም ያለው ነው» ይል ነበር። እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ልብስ ስሰፋ የኖርኩ ስለሆንኩ፣ አንድ ክር ተበጥሶ ያላየኸው እንደሆነ ልብሱ ምን እንደሚሆን አውቃለሁ። ይቺን ወሬውን ብቻ ሳልቆጣ እሰማው ነበር።

የራሱ መኪና ነጭ ኮሮላ ነው። ከእሱ በፊት ሦስት ባለቤት ቀይሯል፣ ዕድሜው ከልጁ ይበልጣል። ሞተሩን በእጁ አውርዶ፣ በእጁ አድሶ፣ በእጁ የጫነው ነው። እንግዳ ሲመጣ ሞተሩን አስነስቶ ኮፈኑ ላይ ውሃ የሞላ ብርጭቆ ያስቀምጣል። «ውሃው ሲነቃነቅ ያየ ይናገር!» ይላል። ውሃው አይነቃነቅም። ከዚያ ሰውየውን እየጎተተ ወደ ኋላ ይወስደውና እጁን ጭስ ማውጫው ፊት ያደርጋል። «ጭስ ይታይሃል?» አይታይም። «ይሸትሃል?» ከመኪናው ይልቅ የሱ ቱታ ነበር የሚሸተው። በሌላ ነገር ትሑት ሰው ነው። እዚች ላይ ግን ኩራቱ አይቻልም።

ሚስቱን «ሳቂታ» ነበር የምንላት። ተናዳ ልትሳደብ ስትጀምር እንኳን ሳቋ ይቀድማታል። ትምህርት ቤት ውስጥ ጸሐፊ ነበረች። ማለዳ መነሳት ሞቷ ነበር... አፌን ይቁረጠው! መነሳት አትወድም ነበር ማለቴ ነው። ሁልጊዜ «መኪናው ሲሞቅ ቀስቅሰኝ» ትለውና ብርድ ልብሱን እስከ ራሷ ትከናነባለች። እሱ ይነሳል፣ ሞተሩን ያስነሳል፣ ግማሽ ሰዓት ያህል ያሞቀዋል፣ ይቀሰቅሳታል፣ ሥራዋ በር ላይ ያደርሳታል። ሌላው ባል አበባ ይሰጣል፤ የኛው የሞቀ ወንበር ነበር የሚሰጣት። እሷም ከአበባ አስበልጣ ትወደው ነበር።

መኪናው መጀመሪያ ደጅ ነበር የሚያድረው። አንድ ቀን ሌቦች ሁለቱንም ስፖኪዮ ነቅለው ወሰዱበት። ልጁን የሰረቁት ያህል ተንገበገበ። ሳይውል ሳያድር ትልቁን መኝታ ቤት በችፑድ ለሁለት ከፈለው። በመንገዱ በኩል ያለውን ግድግዳ አፍርሶ የቆርቆሮ በር ገጠመለት፣ አቧራ እንዳይገባ የበሩን ክፍተት ዙሪያውን በጎማ ደፈነው፣ መኪናውን አስገባ። ከችፑዱ ወዲህ አልጋቸው፣ ከችፑዱ ወዲያ ኮሮላው። ሠፈርተኛው «ሁለት ሚስት በአንድ ጣሪያ!» ብሎ ሳቀ። ሳቂታም ከሁሉ አስበልጣ ሳቀች። እኔ ችፑዱ ዓይኔን ስላስጠላኝ መጋረጃ ሰፍቼ አለበስኩት።

ከዚያ በስምንተኛው ወር አንድ ቀን ጠዋት «ተነሺ፣ ሞቋል» ብሎ ገባ። አልተነሳችም። ሐኪሙ «ልብ ነው» አለ። አርባ አራት ዓመቷ ነበር።

ወንድሜ መኪናውን ሸራ አለበሰው። ዓመት ሙሉ ቁልፉን አልነካም፤ ሥራ በእግሩ ነበር የሚሄደው። አልጋው ላይ መተኛት አቅቶት ሳሎን ሶፋ ላይ ተኛ። አልጋው ላይ ልጃቸው ገባች። ሚጣ እንላታለን፣ ሃያ ሦስት ዓመቷ ነው፣ ሕፃናት ታስተምራለች። «የእማዬ ሽታ ትራሱ ላይ አለ» አለች። ማን ይከለክላታል?

ዓመቱ ባለፈ ማግስት ግን ወንድሜ ከሥራ ሲመለስ ሸራውን ገፈፈው። «መኪና ሲቆም ነው የሚሞተው» አለ። ባትሪ ብቻ ቀየረለት። ቁልፉን አንዴ ሲያዞረው ተነሳ። ስልክ ደውሎ ነገረኝ። «እትዬ፣ ትላንት ማታ ያጠፋሁት ነው የሚመስለው! ዓመት ሙሉ! ይሄን ሌላ ማን ያደርገዋል?» እኔም ደስ አለኝ። ሰው ሆኖ ሊያወራ ነው ብዬ። ከዚያ ቀን ጀምሮ እንደ ድሮው በየማለዳው ሞተሩን አስነስቶ የቆርቆሮውን በር በላዩ ላይ ይዘጋል፣ ሌባን አሁንም አይረሳም፣ ጓሮ ወጥቶ ይታጠባል፣ ጫማውን ይጠርጋል። ሲሞቅለት ነድቶ ይሄዳል።

በሦስተኛው ሳምንት ሚጣ ደወለችልኝ።

«አክስቴ፣ አንድ ነገር ልንገርሽ። እንዳትቆጪኝ።»

«እቆጣለሁ። ንገሪኝ።»

«እማዬ ጠዋት ጠዋት ትመጣለች።»

ቁጣዬ የት እንደገባ አላውቅም። «ምን ትሠራለች?» አልኩ፣ ስለ ጎረቤት እንደሚጠየቅ።

«እግሬ ሥር ትቀመጣለች። አልጋው ዝቅ ሲል ይሰማኛል። ምንም አትልም። ትጠብቃለች።»

«ምኑን?»

«እኔ እንጃ። እንድነሳ ይመስለኛል።» ቀጥላም «ወይም እንዳልነሳ» አለችኝ።

በማግስቱ ሻንጣዬን ይዤ መጣሁ። የልጅቷ ፊት ከስቷል፣ ዓይኗ ጎድጉዷል፣ ጠዋት የቀመሰችውን ያስመልሳታል። ሥራዋ ከሰዓት ስለሆነ እስከ ረፋድ ትተኛለች። ትነሳና ራሷን በሁለት እጇ ይዛ አልጋው ጠርዝ ላይ ትቀመጣለች። ማታ ማታ ግን ትንሽ ትስቃለች፣ ትበላለች። ፍራሼን አልጋዋ ሥር ወለሉ ላይ አነጠፍኩ። ሙት ካለች እኔን ረግጣ ትለፍ አልኩ።

የመጀመሪያው ጠዋት ምንም አልሰማሁም፤ ራሴን ብቻ በገመድ የታሰርኩ ያህል አመመኝ። በሁለተኛው ጠዋት ኮሪደሩ ላይ የነጠላ ጫማ ኮቴ ሰማሁ። ቀስ ያለ፣ አንዱን እግር ትንሽ የሚጎትት። ሳቂታ ነበረች እንዲያ የምትረግጠው። ቀና ልል ብል አንገቴ አልታዘዘኝም። ኮቴው እስከ በሩ መጣ፣ በሩ አልተከፈተም፣ ቀጥሎ ግን ኮቴው ከውስጥ ነበር። የፀጉር ቅባቷ ሸተተኝ። እኔ፣ በሙት ወሬ ስስቅ የኖርኩ ሴት፣ ብርድ ልብሱን ጎትቼ ፊቴን ሸፈንኩ። ለማንም አልተናገርኩም። አፈርኩ።

ለወንድሜ ሚጣ ነበረች የነገረችው። እኔ ይደነግጣል ስል ፊቱ በራ።

«እኔም ሰምቻታለሁ» አለ በሹክሹክታ። «ልነዳ ስገባ፣ ከኋላ ወንበር። ስትተነፍስ። እትዬ፣ ሞተሩን ነው የምታውቀው። የምትመጣው ሞተሩ ሲነሳ ነው።»

«አንተ ሰው፣ ጤና የለህም!»

«ድሮስ በምን ነበር የምትነሳው? ሲሞቅ አይደል?»

ከዚያ በኋላ በግማሽ ሰዓት የሚያበቃውን ማሞቅ አርባ ደቂቃ አደረገው፣ ቀጥሎ አንድ ሰዓት። ነዳጅ ይነድዳል፣ እሱ ግን አይቆጨውም። እየታጠበ ሲያንጎራጉር እሰማዋለሁ። ሞተሩን ግን አትሰማውም፤ ጥበቡ እሱ ነው። ችፑዱ ላይ መዳፍህን ካላስቀመጥክ ከወዲያ በኩል የሚሠራ ነገር መኖሩን አታውቅም። ሠፈሩ በሙሉ «የጆሮ ሚስት ተመልሳለች፣ ልጅቷን ሳትወስድ አትሄድም» እያለ ያወራል። እሱ ብቻ አልሰማም። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው የሚባለው እውነት ነው።

አንድ ሰኞ ሚጣ ክፍል ውስጥ ሕፃናቱ ፊት ወደቀች። ክሊኒክ ወሰድናት። ነርሷ የማትቸኩል፣ ዓይን ዓይን እያየች የምትጠይቅ ሴት ናት። «ቤት ውስጥ ከሰል ታነዳላችሁ?» አለችን።

«ኧረ በፈጣሪ! ከሰል የት አይተን!» አልኩ ተቆጥቼ። «ኤሌክትሪክ ነው የምንጠቀመው። ክፍል ውስጥ ከሰል የሚያስገባ ሰው እንመስላለን?»

ወንድሜም «ጭስ የሚባል ነገር ቤታችን የለም» አለ። ዋሽቶ አይደለም። እንደዚያ ነበር የሚያምነው።

ነርሷ ወደ ጎን ጠርታኝ «የልቧ አመታት አላማረኝም። እንዲህ ከቀጠለች ላትነሳ ትችላለች። ለጊዜው ከዚያ ቤት አውጧት» አለችኝ። እናቷን በልብ ነው የቀበርነው። ቤት ስንገባ «ልጄ፣ እኔ ጋ እንሂድ» ብዬ ለመንኳት። ሚጣ አልጋው ላይ ጥቅልል ብላ ፊቷን ወደ መጋረጃው አዞረች።

«እማዬን ጥያት ልሂድ? አንዴ ሄዳ መጥታልኛለች፣ አክስቴ። ሁለተኛ ብትሄድ አትመለስም።»

በጉልበት አልጎትታት። አባቷም ከሷ ጋር ነው። ሁለቱም ሙቷን ይዘው እኔን እንደ ባዳ አዩኝ። እውነቱን ልናገር፣ የፈራሁት ሳቂታን አይደለም። እነሱ ደስ ብሏቸው ስለነበር ፈራሁ።

በዚያው ሳምንት ወንድሜ ዕቃ ሊያመጣ አራት ቀን ሌላ ከተማ ሄደ። አራቱንም ቀን ሳቂታ አልመጣችም። ሚጣ አለቀሰች፤ በሁለተኛው ቀን ግን ቁርስ በላች፣ በሦስተኛው ቀን ፀጉሬን ካልሠራሁሽ ብላ አስቸገረችኝ፣ በአራተኛው የተማሪዎቿን አነጋገር እያስመሰለች ሆዴ እስኪቆስል አሳቀችኝ። ያኔ ነው እሁድ እሁድም ሙቷ እንደማትመጣ ትዝ ያለኝ። እሁድ ወንድሜ መኪናውን ሳያስነሳ ገፍቶ ደጅ አውጥቶ ያጥበዋል። «ሙትም የዕረፍት ቀን አላት እንዴ?» ብዬ ቀለድኩ። ወንድሜ ሲመለስ «እኔ ስላልነበርኩ ነው ያልመጣችው፣ እኔን ነበር የምትጠብቀው» አለና ለነገው ቀድሞ እንደሚነሳ ነገረን።

በማግስቱ ጎህ ሲቀድ ተነስቼ ወንበር ስቤ ሚጣ አልጋ አጠገብ ቁጭ አልኩ። ዛሬ ፊት ለፊት እናወራለን አልኩ። ሙት ወቃሽ አያድርገኝ እንጂ ለሳቂታ የምነግራት ነገር ነበረኝ። ወንድሜ ሲነሳ ሰማሁ፣ የቆርቆሮው በር ሲዘጋ ሰማሁ፣ ጓሮ የቧንቧው ውሃ ሲንፎለፎል ሰማሁ። ከችፑዱ ወዲያ ምንም የለም።

ስንት ጊዜ እንደተቀመጥኩ አላውቅም። ሰዓቱን አያለሁ፣ ቁጥሩን ማንበብ ግን ተሳነኝ። ከዚያ ኮቴው መጣ። በኮሪደሩ፣ በተዘጋው በር፣ በአጠገቤ አለፈ። አልጋው በግርጌው በኩል ዝቅ አለ። አየኋት። ጀርባዋን ሰጥታኝ፣ ፀጉሯ እንደታጠበ፣ እጇን ጭኗ ላይ አጣምራ ተቀምጣለች። ያቺ ያለ ሳቅ መቀመጥ የማትችል ሴት አልሳቀችም።

«አንቺ ሴትዮ» አልኳት። «ወደድንሽ፣ አለቀስንልሽ፣ ይብቃሽ። ልጅሽን ተያት!»

ያልኩ መሰለኝ። አፌ አልተከፈተም ነበር። ሳቂታ ቀስ ብላ ዞረች። ወደ እኔ አይደለም፣ ወደ ልጇም አይደለም። መጋረጃውን፣ ችፑዱን ነበር የምታየው። ሚጣ ትንፋሿ ተቆራርጦ፣ እየራቀ ይሰማኛል። ልነሳ ብል ጉልበቴ እንደ ጨርቅ ታጠፈና በግንባሬ ወለሉ ላይ ተደፋሁ። ፊቴ ከበሩ ሥር ካለው ክፍተት ላይ አረፈ።

በክፍተቱ የኮሪደሩ ብርድ ገባ። አንዴ ሳብኩት። ዞር ብዬ ሳይ ሳቂታ ደብዝዛለች። ትንፋሼን ስይዝ ተመልሳ ጠቆረች። ደግሜ ሳብኩ፣ ጀርባዋ ውስጥ የአልጋው ብረት ታየኝ። ሙት አየር ፈርታ ስትሸሽ ማን አይቷል? ያኔ ከሃምሳ ዓመት በፊት የነበርኩበት የልብስ ስፌት ቤት መጣብኝ። በከሰል ካውያ ነበር የምንተኩሰው። በዝናብ ቀን መስኮት ሲዘጋ ከመሀላችን አንዷ ራሷን እንዲህ በገመድ የታሰረች ያህል ይዛ፣ የሌለ ሰው እያናገረች ትወድቃለች። አሠሪያችን «ካውያ መታት! አውጧት!» ብላ ትጮህ ነበር። እኔም ሁለት ጊዜ መትቶኛል። ይሄ ራስ ምታት ያው ራስ ምታት ነው። በእኛ ቤት ካውያው ከችፑዱ ወዲያ ነበር።

በሩን በጥፍሬ ስቤ ከፈትኩት። አንሶላውን ከነልጅቷ ይዤ ጎተትኩ። ልጅቷ ዱብ ስትል እንኳን አልነቃችም። ኮሪደሩን እየዳህኩ፣ እያስታወክኩ፣ ልጅቷን እየጎተትኩ ጓሮው በር ላይ ደረስኩና «አጥፋው!» ብዬ ጮህኩ። «አጥፋው! ገደልካት! አጥፋው!»

ወንድሜ ፊቱ ሳሙና እንደሆነ ዞረ። «ምን ሆንሽ? ገና አልሞቀም እኮ...» አለ። ከዚያ አንሶላው ላይ ያለችውን አየ።

ክሊኒኩ ውስጥ ኦክስጅን አደረጉላት። ነርሷ ነገሩን ለሁለታችን አንድ ላይ አስረዳችን። ከመኪና የሚወጣው ገዳይ ነገር ቀለምም ሽታም የለውም፣ በተለይ ሞተር ሲቀዘቅዝና ነዳጅ በዝቶ ሲገባለት ይብሳል፣ ጭስ አለመታየቱ ምንም ማለት አይደለም። ሰው ቀስ በቀስ ሲመረዝ የሌለ ሰው ያያል፣ የሌለ ኮቴ ይሰማል፤ ሲሞትም ከንፈሩ ይቀላል። «ቶዮታም ይሁን ሌላ፣ የትኛውም መኪና በተዘጋ ክፍል ውስጥ እንዲሁ ነው» አለች። ወንድሜ ይሄን የማያውቅ ሰው አይደለም። ጋራዡ ውስጥ የሰው መኪና ሲነሳ «በር ክፈቱ!» ብሎ የሚጮኸው እሱ ነው። የሰውን ሞተር አያምንም ነበር። የራሱን ሞተር ግን በጆሮው ሰምቶት፣ በዓይኑ አይቶት፣ በእጁ ሠርቶት እንዴት አይመነው?

ወደ እኩለ ቀን ሚጣ ነቃች። መጀመሪያ የጠየቀችኝ «እማዬስ?» ብላ ነው። ነገርኳት። መሸፋፈን አላውቅበትም፣ አየሩ ነው አልኳት። ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ እናቷ ዛሬ የሞተች ያህል አለቀሰች። እኔም አብሬያት አለቀስኩ። የዳነች ልጅ እያቀፍኩ ለምን ሐዘን እንደተቀመጥኩ እንጃ።

ነርሷ «ትንሽ ትረፍ» ስትለን ወደ ኮሪደሩ ወጣሁ። ወንድሜ አግዳሚው ወንበር ላይ ብቻውን ተቀምጧል። ሳሙናው ጆሮው ሥር ደርቋል። ቀና አላለም።

«እትዬ።»

«አቤት።»

«ያኔ... በሷ ጊዜ... መኪናው የት ነበር የሚያድረው?»

ሁሉም ነገር አንድ ላይ መጣብኝ። ሳቂታ በመጨረሻዎቹ ወራት ራሴን፣ ራሴን ስትል የከረመችው። ሐሳብ ነው፣ ድካም ነው ብለን ያለፍናት። የሞተች ዕለት ከንፈሯ ቀልቶ የተኛች እንጂ የሞተች አለመምሰሏ። ያ ሁሉ የሞቀ ወንበር። ወንድሜ እጁን ጉልበቱ ላይ ዘርግቶ መዳፉን ያያል። መልሴን የሚጠብቀው እንደ ፍርድ ነበር። እውነቱን ብነግረው ያን ቀን እሱንም እንደምቀብረው ገባኝ።

«ደጅ» አልኩት። «ደጅ ነበር የሚያድረው። ቤት ያስገባኸው እሷ ካረፈች በኋላ ነው።»

ቀና ብሎ አየኝ። ችፑዱን የመታው እሱ ነው። የቆርቆሮውን በር የገጠመው እሱ ነው። ጎማውን ዙሪያውን የደፈነው እሱ ነው። ስምንት ወር ሙሉ በየማለዳው ቁልፉን ያዞረው እሱ ነው።

«አዎ» አለ። «ደጅ ነበር። ረስቼው ነው።»

እጄን ያዘኝ። ልጅ እያለን እንኳን እንዲያ አድርጎ ይዞኝ አያውቅም። ሚጣን ይዛችሁ ግቡ እስኪሉን ድረስ አልለቀቀኝም።